ደጋንና ቀስት በልጆቻችን እጅ

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬውን ርዕስ የመረጡልን አንዲት እናት ናቸው። ለዝግጅታችን በላኩት ደብዳቤ እንደገለጹት ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ አንዱ አሥራ አንድ፣ ሌላው አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ባለቤታቸው ለሥራ ከሀገር ውጭ ናቸው። ልጆቹ በክረምቱ ዕረፍት ከጓሮ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠው ደጋን ሠሩ። ለቀስት የመረጡት ደግሞ ከተሰበረ ጃንጥላ የወጣ ሽቦ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተለቀቀው ሽቦ አንዱ የጎረቤት ልጅ ጉንጭ ላይ፣ ከዓይኑ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተሰካ። ልጁ አልሐምዱሊላህ ዳነ፤ ዓይኑም ተረፈ። እናቲቱ አንዱን ደጋን ሰባብረው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ሁለተኛውን ግን ትልቁ ልጅ ደበቀው። ሲጠየቅም «ቀስት መወርወር ሱና ነው፤ ኡስታዛችን ነግሮናል» አለ። የእናቲቱ ጥያቄም «ልጄ በሱና ይከራከረኛል፤ ምን ልበለው?» የሚል ነው።

ውድ አድማጮች፣ ይህ ጥያቄ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ዛሬ ቀስት፣ ነገ ወንጭፍ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ነገር ይይዛሉ። በመሆኑም መልሱን በሁለት ከፍለን እንመልከተው። ልጁ ከሱናው ግማሹን ይዟል፤ እናትም ግማሹን ይዘዋል። ሙሉው የሚገኘው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

በመጀመሪያ ልጁ የያዘውን ግማሽ እንይ። ቀስት መወርወር በዲናችን የተወደደ ሥራ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። ሰለማህ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአስለም ጎሣ የሆኑ ሰዎች ቀስት ሲወዳደሩ አግኝተዋቸው ነበር። የኢስማዒል ልጆች መሆናቸውንና አባታቸው ኢስማዒል (ዐ.ሰ.) ቀስት ወርዋሪ እንደነበሩ አስታውሰው አበረታቷቸው፤ እርሳቸውም ከአንደኛው ወገን ጋር እንደሆኑ ነገሯቸው። በዚህ ጊዜ ሌላው ወገን እጁን ሰበሰበ። ነቢዩ ከአንዱ ጋር ሆነው ሌላው እንዴት ይወርውር? ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ምክንያቱን ሲሰሙ ከሁሉም ጋር መሆናቸውን ገለጹላቸው፤ ጨዋታውም ቀጠለ። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ነው። ልብ በሉ፤ በልጆች መካከል የሚቆም ታላቅ ሰው ትምህርት የሚወስደው ከዚህ ነው። አንዱን አሞግሶ ሌላውን አያሳፍርም።

ዑቅባህ ኢብኑ ዓሚርም (ረ.ዐ.) ካረጁ በኋላ በሁለት ኢላማዎች መካከል ሲመላለሱ የተመለከተ ሰው በዚህ ዕድሜ ለምን እንደሚደክሙ ጠይቋቸው ነበር። እርሳቸውም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙት ቃል ባይኖር ኖሮ ይህን እንደማያደርጉ መለሱለት። የሰሙትም ቀስት መወርወርን ተምሮ የተወ ሰው የሚወቀስ መሆኑን ነው፤ ሙስሊም ዘግቦታል። በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ በተላለፈ ሌላ ዘገባም በአንዲት ቀስት ምክንያት ሦስት ሰዎች ምንዳ እንደሚያገኙ ተነግሯል። እነርሱም መልካም አስቦ የሠራት፣ የወረወራትና ለወርዋሪው ያቀበላት ናቸው። ስለዚህ የሚሠራው እጅም ከሚወረውረው እጅ አያንስም።

አሁን ደግሞ እናት የያዙትን ግማሽ እንመልከት። ያው ሱና ለዚህ ሥራ ጠበቅ ያለ ልጓም አበጅቶለታል።

አንደኛ፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ሙገፈል (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጠጠርን በጣት እያስፈነጠሩ መወርወርን ከልክለዋል። ምክንያቱም ጠጠሩ አውሬ አይጥልም፣ ጠላትም አይመክትም፤ ነገር ግን ዓይን ያፈሳል፣ ጥርስም ይሰብራል። ከዚህ የምንረዳው መመዘኛ ግልጽ ነው። ጥቅም የሌለውና ለአካል የሚያሰጋ ነገር ጨዋታ ተብሎ አይታለፍም። የጃንጥላ ሽቦም የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) የቁረይሽ ወጣቶች ወፍ አቁመው ቀስት ሲወረውሩባት አገኟቸው። ኢላማውን የሳተውን ቀስት ሁሉ ለወፏ ባለቤት ሊሰጡ ተስማምተው ነበር። ኢብኑ ዑመርን ሲያዩ ተበታተኑ። እርሳቸውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለውን ነገር ኢላማ የሚያደርግን ሰው መርገማቸውን ተናገሩ። የባለቤቱ ፈቃድ መኖሩ ድርጊቱን ሐላል አላደረገውም። ስለዚህ ድንቢጥም ሆነች የጎረቤት ውሻ ኢላማ አይሆኑም። አደን ራሱን የቻለ ሕግ አለው፤ በሀገራችንም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው።

ሦስተኛ፣ ጃቢር (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት አንድ ሰው ቀስቶች ይዞ በመስጊድ ውስጥ ሲያልፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለቶቹን በእጁ እንዲይዝ አዘዙት፤ ሰው እንዳይጭሩ ነው። በወንድም ላይ መሣሪያ ማነጣጠርም፣ ለቀልድም ቢሆን፣ ተከልክሏል።

እንግዲህ ልጃችን «ሱና ነው» ሲል «አዎን፣ ልክ ነህ፤ ግን ሱናውን ሙሉውን እንያዝ» ልንለው ይገባል። ደጋኑን ማቃጠል ክርክሩን አይዘጋውም። ልጁ ነገ በድብቅ ሌላ ይሠራል። በድብቅ የሚሠራ ልጅ ደግሞ የሚያርመው የለም። የተሻለው መንገድ አብሮት ቆሞ በአግባቡ መሥራት ነው። አሠራሩንም ቤት ውስጥ መሞከር ለሚፈልግ በሚጠቅም መልኩ እናንሳው።

ቀላሉ ደጋን ከአንድ እንጨት ብቻ የሚሠራው ነው። ቱርኮች ከእንጨት፣ ከቀንድና ከጅማት አጣብቀው የሚሠሩት ሌላ ዓይነት ነው፤ ብዙ ዓመት የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። የሒጃዝ ዐረቦች ግን በተራራ ላይ ከሚበቅሉ ነብዕና ሸውሐጥ ከሚባሉ ዛፎች ደጋን ይሠሩ ነበር። ኢብኑል ቀይዪም (ረሒመሁላህ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስድስት ደጋኖች እንደነበሯቸው ጽፈዋል። ከእነዚህም አልከቱም የተባለው በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በኡሑድ ዕለት ተሰብሯል። በዚያው ዕለት አቡ ጠልሓህ (ረ.ዐ.) ከአወራወራቸው ኃይል የተነሣ ሁለት ወይም ሦስት ደጋን መስበራቸውን ቡኻሪ ዘግቧል። እንጨት በጀግና እጅም ይሰበራል። ስለዚህ የሚሠራው ሰው ጠባዩን ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ እንጨት መምረጥ ነው። ቀጥ ያለ፣ ጉጥና ስንጥቅ የሌለው፣ ርዝመቱ ከልጁ ቁመት ጋር የሚመጣጠን ይሁን። አጭር ደጋን ሲለጠጥ ይጨነቃል፤ ቶሎም ይሰበራል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ስለሚጠማዘዝ ለጀማሪ አይመከርም። ለልጅ የሚቀለው በቁመቱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው።

ሁለተኛው ማድረቅ ነው። እርጥብ እንጨት በቀላሉ ይጎብጣል፤ ነገር ግን እንደጎበጠ ይቀራል እንጂ ተመልሶ አይቃናም። ደጋን የሚፈለገው ደግሞ ለመመለሱ ነው። ቅርፊቱ ይላጥ፤ ጫፎቹ ፈጥነው ደርቀው እንዳይሰነጠቁ ሰም ወይም ቀለም ይቀቡ፤ ከዚያም በጥላ ሥር ጥቂት ወራት ይቀመጥ። ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ ቆርጠው ዛሬውኑ መወርወር ይፈልጋሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት በቃል ከመንገር ይልቅ እንጨቱን ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ማስጠበቅ የበለጠ ያስተምራል።

ሦስተኛው መጥረብ ነው። ደጋን ጀርባና ሆድ አለው። ጀርባ የምንለው ወደ ኢላማው የሚዞረውን ወገን ነው፤ ሲለጠጥ ይሳባል። ሆዱ ደግሞ ወደ ወርዋሪው የሚዞረው ነው፤ ሲለጠጥ ይጨመቃል። ጀርባው በቢላዋ አይነካም። የእንጨቱ ጅማት እዚያ ላይ ከተቆረጠ ስብራቱ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ለዚህም ነው የቀርከሃ ውጫዊ ቆዳ ሳይፋቅ በጀርባ በኩል የሚደረገው። የሚጠረበው ሆዱ ብቻ ነው። መሐሉ፣ በእጅ የሚጨበጠው ቦታ፣ ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ወደ ሁለቱም ጫፎች እየሳሳ ይሄዳል።

አራተኛውና ዋናው ማመጣጠን ነው። አውታሩን ላላ አድርጎ ማሰር፣ ደጋኑን ግድግዳ ላይ መስቀል፣ አውታሩን በገመድ በጥቂቱ ወደ ታች መሳብና ራቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱ ክንዶች እኩል ይጎብጣሉ ወይ? አንዱ ቦታ ደረቅ ብሎ አልታጠፍ ካለ እዚያ ላይ በሞረድ ትንሽ ይፋቃል። አንዱ ቦታ አለልክ ከታጠፈ ግን ደካማ ነውና እርሱ አይነካም። ሌላው ቦታ እየተፋቀ ከእርሱ ጋር እኩል እንዲሆን ይደረጋል። በተፋቀ ቁጥርም ሃያ ሠላሳ ጊዜ በቀስታ መሳብ ያስፈልጋል፤ እንጨቱ የደረሰበትን ለውጥ የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ነው። ጉድለቱ ከታየ፣ እስኪስተካከል ድረስ ከዚያ በላይ አይለጠጥም።

አባቶች ሆይ! ይህን የሚያውቅ ሰው ልጆቹንም በዚሁ ዓይን ያያል። ደካማውን ልጅ በላዩ ላይ እየፋቁ ማጠንከር አይቻልም። የተፋቀ እንጨትም ተመልሶ አይቀጠልም።

አምስተኛ፣ አውታሩ የማይለጠጥ ጠንካራ ሲባጎ ይሁን። ሲታሰር ከመጨበጫው እስከ አውታሩ ያለው ክፍተት ጭብጥ ተደርጎ አውራ ጣት ሲቀሰር ያለውን ቁመት ያህል ይሆናል። ቀስቱ ከቀጥተኛ ሸምበቆ ወይም ከቀጭን ቀርከሃ ይሠራል። ከኋላው በእኩል ርቀት ሦስት የዶሮ ላባዎች ይታሰሩበታል፤ በበረራው ላይ ቀጥ አድርገው የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ጫፉ ለልጆች ስለት አይደረግበትም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደነድናል። እንዲህ ያለው ቀስትም ቢሆን ለዓይን አደገኛ መሆኑን አንርሳ።

በዚህ ቦታ አንድ እውነተኛ ታሪክ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ ባለ የበረዶ ተራራ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ሰው አስከሬን ተገኘ። አጠገቡ ቁመቱ 1 ሜትር ከ82 ሣንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ደጋን ነበር፤ ተጠርቦ ያላለቀ። በኮሮጆውም አሥራ አራት ቀስቶች ነበሩት፤ ለመወርወር የተዘጋጁት ግን ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ በተደረገ ምርመራ ደግሞ በትከሻው ውስጥ የቀስት ስለት ተገኘ። ሰውየው የራሱን ደጋን ሳይጨርስ በሌላ ሰው ቀስት ሞተ። አጀል ሥራችንን እስክንጨርስ አይጠብቀንም። ከእጅ የወጣች አንዲት ቀስት ምን እንደምታደርግም ከዚህ በላይ አስረጂ አያስፈልግም።

ወደ አወራወሩ እንለፍ። ኢላማው ጭድ የተሞላ ጆንያ ይሁን። ከኋላው የአፈር ክምር ወይም ገደል ያለበት፣ ሰው የማያልፍበት ቦታ ይመረጥ። የድንጋይ ግድግዳ ቀስቱን ስለሚመልሰው አይሆንም። ለጀማሪ አሥር እርምጃ ይበቃዋል። ወርዋሪዎች ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ይቁሙ፤ ከመስመሩ ፊት ለፊት ማንም አይኑር። ወደ ሰማይ አይወረወርም፤ የት እንደሚወድቅ የሚያውቅ የለምና። ቀስት ሳይገባበት ደጋን ለጥጦ መልቀቅም አይገባም፤ ቀስቱ ይዞት የሚሄደው ኃይል እንጨቱ ውስጥ ቀርቶ ይሰብረዋል። ከመወርወር በፊት ቀስቱ ስንጥቅ እንደሌለው በጥቂቱ ጎበጥ አድርጎ ማየት፣ ከጨዋታ በኋላም አውታሩን አላቆ ማስቀመጥ ልማድ ይሁን።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ሕግ ግን አንድ ነው፤ ሁሉም ደጋኑን መሬት ላይ ሳያስቀምጥ ማንም ቀስቱን ሊለቅም አይሮጥም። የልጆች አደጋ በብዛት የሚመጣው አንዱ ሲለቅም ሌላው ሲወረውር ነው። ይህን ስንል የኡሑድን ኮረብታ እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዐብዱላህ ኢብኑ ጁበይር (ረ.ዐ.) መሪነት አምሳ ቀስት ወርዋሪዎችን በኮረብታው ላይ አቁመው፣ ምንም ቢያዩ ቦታቸውን እንዳይለቁ አዘዋቸው ነበር። አብዛኞቹ ግን ምርኮ ሲሰበሰብ ባዩ ጊዜ ወረዱ፤ በሙስሊሞች ላይ የደረሰውም ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ከኮረብታው የወረዱት መወርወር ስላቃታቸው አልነበረም። የጎደለው ከትእዛዙ ጋር መቆየት ነበር። ልጆቻችን ይህን ታሪክ በመድረሳ ይሰሙታል፤ በመስመሩ ላይ ሲቆሙ ግን በእግራቸው ይማሩታል።

በዚያው የኡሑድ ዕለት ቀታዳህ ኢብኑ ኑዕማን (ረ.ዐ.) ዓይናቸውን ተመትተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእጃቸው እንደመለሱላቸው የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ያ ለነቢያችን የተሰጠ ተአምር ነው። እኛ ዘንድ የፈሰሰ ዓይን የሚመልስ እጅ የለም። ስለዚህ መጠንቀቁ በእኛ ላይ ግዴታ ይሆናል።

ኦቶማኖች ይህን ሥርዓት በአግባቡ ይዘውት ነበር። ሱልጣን ሙሐመድ ፋቲሕ ኢስታንቡልን እ.ኤ.አ. በ1453 ከያዙ በኋላ ኦክመይዳን የተባለውን ሜዳ ለቀስት ለይተው ሰጡ። በዚያ የሚማር ተማሪ መጀመሪያ የሚለማመደው በደካማ ደጋን ነበር። መምህሩ ሳያጸድቅለትም ወደሚቀጥለው ደረጃ አያልፍም ነበር። የቱርክ ባህላዊ ቀስት ውርወራ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ የሰፈረው በዚህ ሥርዓቱ ጭምር ነው። ደጋኑ ካለ መምህሩም ይኖር ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ «አባታቸው የለም፤ ማን ይቁምላቸው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄውን የላኩልን እናት ሆይ! አጎት ካለ አጎት፣ አያት ካለ አያት፣ ከሌሉም የታመነ ጎረቤት ወይም የመድረሳ ኡስታዝ ይቁምላቸው። እርስዎም ቢቆሙ ነውር የለበትም። ኑሰይባህ ቢንት ከዕብ፣ ኡሙ ዑማራህ (ረ.ዐ.) በኡሑድ ዕለት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በሰይፍም በቀስትም እንደተከላከሉ ተዘግቧል። እርስዎ ደግሞ እንዲወረውሩ አይጠበቅብዎትም፤ በመስመሩ ጫፍ ላይ ቆመው «አሁን ልቀቁ»፣ «አሁን አስቀምጡ» ማለት ይበቃል። አባትየውም በስልክ ሲያገኛቸው ስለ ትምህርት ውጤት ብቻ አይጠይቅ፤ «ደጋኑ ደረቀ ወይ? የቱ ክንድ ነው ያልታጠፈው?» ብሎ ይጠይቅ። ባሕር ማዶ ያለ አባት ከልጁ ጋር የሚጋራው ሥራ ካገኘ ብዙ አገኘ።

ደጋኑን የሚጠብቀው ታላቁ ሰው ይሁን። በልጁ አልጋ ሥር አይደርም። ቆሞ የሚያይ ከሌለ በዚያ ቀን ጨዋታው የለም። የተደበቀው ሁለተኛ ደጋንም በዚህ ስምምነት በልጁ በራሱ እጅ ይውጣ፤ የሽቦ ቀስቶቹ ግን ይወገዱ።

አንድ ጉዳይ ይቀራል። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ በአላህ ዘንድ ኃጢአት አይጻፍበትም፤ የተጎዳው ልጅ ሐቅ ግን በዚህ አይወድቅም። የሕክምና ወጪውን መሸፈን፣ ልጁን ይዞ ወደ ጎረቤት ቤት መሄድና ዐፍው መጠየቅ ይገባል። ዝርዝሩን በአቅራቢያ ያሉ ዑለሞችን ጠይቁ። ይቅርታውን ልጁ በራሱ አንደበት ይጠይቅ። የተጎዳው ልጅም ቁስሉ ሲድንና ቤተሰቡ ሲፈቅድ፣ በአዲሱ ደጋን ሥራ ላይ ተጋብዞ አብሮ ቢፍቅ በሁለቱ ቤቶች መካከል የገባው ቅሬታ ኢንሻአላህ ይጠገናል።

ውድ አድማጮች፣ ለልጁ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ «ቀስት መወርወር ሱና ነው፤ ስለቱን መያዝም ሱና ነው። ሁለቱን ለይቶ የያዘ ሱናውን አልያዘም።»

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ከአደጋ ይጠብቅልን፤ እጃቸውን ለመልካም ሥራ፣ ዓይናቸውንም ለቁርኣን ያቆይልን። በርቀት ያሉ አባቶችን በሰላም ወደየቤታቸው ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።